ትንፋሹን እናስቀድም

በደሴ ከተማ ለወላጆች፣ ለወጣቶች፣ ለሾፌሮችና ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም፣ ከሰኞ ገበያና ከቧንቧ ውሃ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ኮምቦልቻ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ከባድ የህመም ማስታገሻዎች ነው። ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲን፣ ሞርፊን፣ ፌንታኒል። ሄሮይንም ከእነዚሁ ወገን ነው። በጥቅሉ ኦፒዮይድ ይባላሉ።

የምለውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አንድ ሰው ከእነዚህ መድኃኒቶች አብዝቶ ወስዶ ከወደቀ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ወሰደ?» አይደለም። «ይተነፍሳል ወይ?» ነው። ምክሩም፣ ቁጣውም፣ ልቅሶውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ግን ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። መጀመሪያ እናፍራለን። ቀጥሎ እንደብቃለን። ቀጥሎ እንቆጣለን። ትንፋሹን የሚያይ ሰው ሲገኝ ረፍዷል።

ስለዚህ ከትንፋሽ እንጀምር።

አንጎላችን ከማጅራት ጋር በሚገናኝበት በኩል ትንፋሽን የሚያዝ ቦታ አለ። ተኝተን ሳናስበው የምንተነፍሰው በእሱ ነው። ኦፒዮይድ ህመምን ሲያስታግስ ይህንንም ቦታ አብሮ ያደነዝዘዋል። ሐኪም ባዘዘው ልክ ሲወሰድ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይገጥምም። ሲበዛ ግን ትንፋሽ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ይቆማል። ልብ ቀድሞ አይቆምም። ልብ የሚቆመው ኦክስጅን ሲያልቅበት ነው። በሁለቱ መካከል ደቂቃዎች አሉ። ሰው የሚተርፈውም የሚሞተውም በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ፣ በእነዚያ ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ አጠገቡ ሰው መኖሩ ነው። ጓደኛ አለ። ወንድም አለ። አልጋ ያከራየችው ሴትዮ አለች። «እንቅልፍ ጥሎታል፣ ተዉት ይተኛ» ይባላል። ያንኮራፋላ! ያ ማንኮራፋት ግን የእንቅልፍ አይደለም። ከጉሮሮ የሚመጣ፣ ውሃ ያለበት የሚመስል ድምፅ ነው። ትንሽ ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ዝምታው እየረዘመ ይሄዳል። ይህን ድምፅ ስትሰሙ ቀስቅሱት። የተኛ ሰው ይነቃል፣ ይሳደባል፣ ተመልሶ ይተኛል። ያ ደህና ነው። የማይነቃው ነው የሚያስፈራው።

(እዚህ ላይ አንድ ወጣት በፈቃዱ መጥቶ ከመድረኩ ፊት የተነጠፈ ጋቢ ላይ ተኛ።)

እሺ። ወንድማችን ወድቋል እንበል። መጀመሪያ ስሙን ጠርታችሁ ትከሻውን ነቅንቁት። ካልነቃ እጃችሁን ጨብጡና በጣታችሁ አንጓ የደረቱን መሃል አጥንት ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። በጣም ያማል። ሰመመን ውስጥ ካልገባ በቀር ዝም አይልም። አሁንም ካልነቃ አንዱ ስልክ ያንሳ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ይሁን ሚኒባስ ያገኛችሁትን ጥሩ። ሌላው ግን ከሰውየው አይነሳ።

ከንፈሩን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። በእኛ ቆዳ ላይ የኦክስጅን እጥረት ፊት ላይ ቶሎ አይታይም። የከንፈር ውስጡ፣ ድዱና ጥፍሩ ግን ይናገራሉ። አመድማ ወይም ሰማያዊ ከሆኑ ጊዜ የለም። ቀጥሎ አፉን ክፈቱ። ጉንጩ ውስጥ የቀረ ጫት ካለ በጣታችሁ አውጡት። ይህን የምለው እዚህ ስለሆንኩ ነው፤ የውጭ አገር የእርዳታ መመሪያ ላይ አታገኙትም። በርጫ ላይ የወደቀ ሰው ጉንጩ ሙሉ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ አየር ስትሰጡት ወደ ውስጥ ይገባል።

አሁን ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ። እንዲህ። አፍንጫውን ያዙ፣ አፋችሁን አፉ ላይ ግጠሙ፣ በየ5 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ተንፍሱለት። ደረቱ ከፍ ሲል ካያችሁ አየሩ እየገባ ነው። ጨርሶ በድን ከሆነና የልብ ምት ከሌለው ደረቱን መጫን ያስፈልጋል። የደረት መጫኑን ከንግግሩ በኋላ በአሻንጉሊቱ ላይ እናሳያችኋለን፤ ሳትለማመዱ እንዳትሄዱ። ትንፋሹ ከተመለሰ በጎኑ አስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበት አጥፋችሁ፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጋችሁ። ቢያስታውከው አይታነቅም።

ወተት አታጠጡት። ቡና አታጠጡት። ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት። ለማስታወክ ጣት አትክተቱበት። ያልነቃ ሰው የሚጠጣው ነገር ሁሉ ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ተነስ። እባካችሁ አጨብጭቡለት።

ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ። ኦፒዮይዱ አንጎል ላይ የተቀመጠበትን ቦታ ያስለቅቀዋል። በመርፌ ጡንቻ ላይ ይሰጣል፤ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭም አለ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የቆመ ትንፋሽ ይመልሳል። ሱስ አያስይዝም። ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ቢሰጥ እንኳ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1983 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። በ2014 ደግሞ («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከሐኪም ውጭ ያለ ሰውም፣ ማለትም ጓደኛና ቤተሰብ፣ እንዲያገኘውና እንዲጠቀምበት መከረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲወድቅ አጠገቡ የሚገኘው ሐኪም አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው። የተወሰደው መድኃኒት ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ነቃ ብላችሁ አትበተኑ፤ እሱንም «ወደ ቤትህ ሂድ» አትበሉት። ሲነቃ ይቀዘቅዘዋል፣ ያመዋል፣ ይደነግጣል፣ ሊሳደብም ይችላል። አትሰዳደቡ። «አብሽር፣ አጠገብህ ነን» በሉት። ሆስፒታል እስኪደርስ ከጎኑ ሁኑ።

የጤና ባለሙያዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ የድንገተኛ ክፍሉን መደርደሪያ ክፈቱ። ናሎክሶን አለ? ጊዜው አላለፈም? የማታ ተረኛዋ ነርስ የት እንደተቀመጠ ታውቃለች? ከሌለ ግዥ ላይ አስገቡት። ይህን ለማድረግ ስብሰባም ፕሮጀክትም አያስፈልግም።

ትራማዶልን ለብቻው ላንሳው፤ በእኛ አካባቢ ዋናው እሱ ነውና። ብዙ ሰው «ቀላል ነው» ይለዋል። ከሞርፊን ጋር ሲተያይ እርግጥ ነው ቀለል ይላል። ግን ሁለት ነገር አለበት። አንደኛው፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው የሚባለው። ባለ 50ውን ስምንት ፍሬ ማለት ነው፣ እሱም ተከፋፍሎ፣ እሱም በሐኪም ትእዛዝ። ከዚያ ሲያልፍ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ሳያልፍም፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው መሬት ላይ ይጥላል። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ክብሪት አጭሰን እናሸታለን። «ለክፎት ነው» እንላለን። አፉ ውስጥ ማንኪያ እናስገባለን። ጥርሱን እንሰብራለን እንጂ አይጠቅመውም። የሚጋጭበትን ነገር አርቁ፣ ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እዚያም ስትደርሱ የወሰደውን ተናገሩ። ባዶውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ መስሎት ሲፈልግ ውድ ጊዜ ይባክናል።

ሁለተኛው ነገር እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት ነው፤ ሁላችሁም እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ጉበታችን ትራማዶልን ወደ ሌላ፣ በጣም ወደሚበረታ ነገር ይለውጠዋል። ኮዴይንንም ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል። በ1996 የታተመ ጥናት ላይ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ከተለመደው በላይ ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድን ሰዎች ይህ ቁጥር አንድና ሁለት በመቶ አካባቢ ነው። ይህ ማለት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ከአሥሩ ወደ ሦስቱ የምንሆነው መድኃኒቱን ፈጥነን ወደ ብርቱው እንለውጠዋለን ማለት ነው። ማናችን እንደሆንን ደግሞ በዓይን አይታወቅም።

«ጓደኛዬ አምስት ወስዶ ምንም አልሆነም» የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የጓደኛህ ጉበት ያንተ አይደለም፤ እሱ የቻለው አንተን ሊጥልህ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ትራማዶልና ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጡ ያገደው፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ የመከረው በዚሁ የተነሳ ነው። እናቶች፣ ለጀርባ ህመማችሁ የታዘዘውን ለልጃችሁ ጥርስ ህመም ቆርሳችሁ አትስጡ። እባካችሁ።

ከዚያ ደግሞ መደባለቁ አለ። ከበርጫ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይባላል። ቢራው ወይም አረቄው ይመጣል። በዚያ ላይ ትራማዶል፣ በዚያ ላይ ለእንቅልፍ ዲያዜፓም። አልኮልም፣ የእንቅልፍ ኪኒንም፣ ኦፒዮይድም ሦስቱም ትንፋሽን ወደ ታች ይጎትታሉ። ለየብቻ ሰውየው የሚችላቸው መጠኖች አንድ ላይ ሲሆኑ አይቻሉም። ከመጠን በላይ ወስዶ የሚሞት ሰው ደሙ ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኝበት አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

የፈረንጆቹን ጉዳይ ባጭሩ ላንሳ። አሜሪካ ውስጥ በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለ ብርቱ ማስታገሻ ገበያ ላይ ዋለ። አምራቹ ኩባንያ ሱስ የማስያዝ አደጋው አነስተኛ ነው እያለ ለሐኪሞች አስተዋወቀ። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል። ሰዉ ከለመደ በኋላ ማዘዣው ሲጠብቅበት ወደ ሄሮይን ዞረ። ቀጥሎ ፌንታኒል መጣ፤ ከሞርፊን 100 እጥፍ ገደማ የሚበረታ። በ2021፣ በ2022 እና በ2023 በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ አሜሪካውያን አደንዛዥ ዕፅና መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስደው ሞቱ። አብዛኞቹ በኦፒዮይድ ነው። በ2023 የአፍንጫው ናሎክሶን ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። በ2024 የሟቾቹ ቁጥር ወደ 80 ሺህ ገደማ ወርዷል። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ናሎክሶን በሰው እጅ መግባቱ ግን አንዱ እንደሆነ ይታመናል።

«ይህ የነሱ ጣጣ ነው» እንዳትሉ። የተባበሩት መንግሥታት የ2018 የዕፅ ሪፖርት እንዳለው፣ በ2016 በዓለም ላይ በቁጥጥር ሥር ከዋለው ከመድኃኒት ወገን የሆነ ኦፒዮይድ 87 በመቶው የተያዘው አፍሪካ ውስጥ ነው። በብዛት ትራማዶል ነው። ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ግብፅ ብዙ ወጣት ተጎድቷል። እኛ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነን። ከኮምቦልቻ በባቲ በሚሌ አድርጎ ሌት ተቀን ከባድ መኪና ይመላለሳል። በመኪና እቃ ብቻ አይመጣም። የደከመ ሾፌር አለ፣ የማይተኛ ረዳት አለ፣ ወገቡ የተቆረጠ ጫኝና አውራጅ አለ።

ህመሙም የውሸት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አልፎባቸዋል። አጥንቱ ውስጥ ብረት ያለበት ልጅ እዚህ አለ። የመን በረሃ ላይ ተገርፎ፣ ከሳዑዲ በባዶ እጁ የተመለሰ አለ። ሌሊት የሚጮህ አለ። ትራማዶል መጀመሪያ የሚገባው በህመም በር ነው። ከአካል ህመም ጋር የልብንም ህመም ለጥቂት ሰዓት ያስተኛል፤ ለዚህ ነው የሚለመደው። «ባለጌ ስለሆነ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ አደራ አለኝ። ፈርተን የታመመውን አንበድል። የካንሰር ህመምተኛ ሞርፊን ያስፈልገዋል። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ያስፈልገዋል። ሕጋዊ ማዘዣ ይዞ የመጣን ሰው እንደ ሌባ ማየት ደግ አይደለም። በድሃ አገር ብዙ ህመምተኛ ማስታገሻ ሳያገኝ እየጮኸ ይሞታል፤ ይህም ራሱን የቻለ ግፍ ነው።

(ከፊት ረድፍ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ እንዲህ እያባበልን ከያዝናቸው ጭራሽ አይበረታቱም ወይ? ሐራሙን ሐራም ነው ማለት አይሻልም?» አሉ።)

አባባ፣ ጥሩ ጠየቁ። ብዙ ሰው በልቡ የያዘው ጥያቄ ነው። እርስዎ ሐራም ነው ማለቱን አይተዉ። ሼሁም ቄሱም ያስተምሩ። ወላጅም ይምከር። እኔ የምለው፣ ምክሩን ሰምቶ ያልተወው ልጅ እስኪተወው ድረስ በሕይወት ይቆይ ነው።

ደግሞ ይህን ነገር ከዚህ በፊት አድርገነዋል። ትልልቆቻችሁ ኤች አይ ቪ የመጣ ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በተለይ የኮምቦልቻ ሰው፣ የከባድ መኪና ማደሪያ ከተማ ስለሆነ። መጀመሪያ የነበረው ፍርሃት ነበር። የታመመውን በሌላ ሰሃን ማብላት፣ ቤት አለማከራየት፣ ለቅሶ አለመድረስ። ሰዉ አፍሮ ሳይመረመር ሞተ። ቀጥሎ ምን አደረግን? አልጋ ቤቶች ውስጥ ኮንዶም ተቀመጠ። ያኔም «ዝሙትን ማበረታታት ነው» ተባለ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። በሽታው በደማቸው ያለ ሰዎች ወጥተው በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ዛሬ መድኃኒቱን የሚወስዱ ወላጆች ልጆች አሳድገው ድረዋል። ማንም ሰው ኮንዶም መደርደሪያ ላይ ስላየ ሃይማኖቱን አልለወጠም። ሰዎች ግን ተረፉ። የጉዳት ቅነሳ የሚባለው ይኸው ነው አባባ። እኛው ራሳችን የሠራነው ሥራ ነው።

(«እሱስ እውነት ነው» አሉና ተቀመጡ።)

በሌላውም አገር ተሞክሯል። ፈረንሳይ በ1995 ተራ ሐኪሞች ቡፕረኖርፊን የሚባለውን የሱስ ሕክምና መድኃኒት እንዲያዙ ፈቀደች። በአራት ዓመት ውስጥ ከመጠን በላይ ወስዶ የሚሞተው ሰው ወደ 80 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ፖርቱጋል በ2001 ለራሱ ጥቂት የያዘን ሰው ወደ እስር መላክ ትታ ወደ ጤና ባለሙያ መላክ ጀመረች። ሻጩን ግን ዛሬም ትከሳለች። ሩቅ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ታንዛኒያ ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ከ2011 ጀምሮ ለሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶን የሚባለውን ሌላ የሱስ ሕክምና መድኃኒት ይሰጣል። ኬንያም ከ2014 መጨረሻ ጀምራለች። ሰውየው በየቀኑ መጥቶ ነርስ ፊት ይጠጣል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሲመጣ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱም እዚያው ይሰጠዋል። ጎረቤቶቻችን የቻሉትን እኛም እንችላለን ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፖሊስ ሁለት ቃል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የወደቀን ሰው ለማዳን የደወለ ሰው ራሱ በወሰደው ነገር እንዳይከሰስ ሕግ ወጥቷል። ምክንያቱም ጓደኞቹ ታስረን እንቀራለን ብለው በሩን ዘግተው ይሸሻሉ። እዚህ የመጣችሁ የፖሊስ አባላት አላችሁ። አከብራችኋለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የወደቀ ጓደኛውን በባጃጅ ጭኖ ሆስፒታል በር ላይ ያደረሰን ልጅ እዚያው በር ላይ አትያዙት። አንድ ቀን ከተያዘ ወሬው በአንድ ሌሊት ከተማውን ያዳርሳል። የሚቀጥለው ልጅ ጓደኛውን አያደርስም።

ወላጆች ደግሞ አንድ አደገኛ ጊዜ አለ፣ እወቁት። ልጁ ያቆመበት ጊዜ ነው። ግራ ያጋባችኋል። ሰውነት መድኃኒቱን ሲለምድ መጠኑን ይሸከማል። ሲያቆም ያ ችሎታ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ጠበል ሁለት ወር ከርሞ የመጣ ልጅ፣ ከእስር የተፈታ ልጅ፣ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ልጅ፣ አንድ ቀን ተፈትኖ የድሮውን ያህል ከወሰደ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጠበል ከርሞ ሲመጣ «አለቀ፣ ተገላገልን» ብላችሁ እንዳትረሱት። ደስ ይበላችሁ፣ ዱዓም አድርጉ፣ ሻማም አብሩ። ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብቻውን አትተዉት። እሱም ይህን ይወቅ፤ በግልጽ ንገሩት። «ብትወድቅ እንኳ እንደ ድሮው አትውሰድ» ማለት ውሰድ ማለት አይደለም። ልጅን ማትረፍ ነው።

አሁን ወደ እኛው ወደ ፋርማሲ ባንኮኒ ልምጣ። አንድ ወጣት ይመጣል። ማዘዣው ታጥፎ ታጥፎ መሃሉ ተበጥሷል። ቀኑ ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ በዚህ ሙቀት ይበርደዋል። ከኋላው ሦስት ሰው ተሰልፏል። ሁለት ቀላል መንገድ አለ። አንዱ ብሩን ተቀብሎ ዝም ብሎ መሸጥ ነው። ይህ ወንጀል ነው፤ የሚያደርጉትንም እናውቃለን፣ አላህ ልብ ይስጣቸው። ሌላው «ውጣ! ሱሰኛ!» ብሎ ሰው ፊት ማዋረድ ነው። ይህኛው ሕግ አይከለክለውም፤ ልጁ ግን ከዚያ ወጥቶ ቀጥታ ጓሮ ለጓሮ ወደሚሸጠው ነው የሚሄደው። እዚያ ደግሞ ፍሬው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛው መንገድ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ወደ ጎን ትጠሩታላችሁ። በዝግታ «ይህን ልሸጥልህ አልችልም፣ ግን እስቲ ንገረኝ» ትሉታላችሁ። በቀን ስንት? ከምን ጋር? አንቀጥቅጦህ ያውቃል? ብቻህን ነው የምትወስደው? በአብዛኛው ይናገራል። ሰው አክብሮ ከጠየቀው ቆይቷላ። ብዙ የሚወስድ ከሆነ በአንዴ ቁርጥ እንዳያደርግ ትነግሩታላችሁ፤ በድንገት ማቆሙም ራሱ ያሳምማል። ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። እንቅልፍ አጥቶ ወይም ተስፋ ቆርጦ «መኖር አልፈልግም» ካለ ብቻውን አትላኩት፣ ቤተሰብ ጥሩለት። በዚያ ቀን ላይሄድ ይችላል። የሚቀጥለው ሳምንት ግን ተመልሶ እናንተ ጋ ይመጣል፤ ስላልሰደባችሁት።

ወደ ጥያቄ እንግባ።

(አንዲት እናት ተነሱ። «ልጄ፣ የኔ ልጅ እቃ እየሸጠ ጨረሰብኝ። ሰው ሁሉ ከቤት አስወጪው ይለኛል። ምን ላድርግ?»)

እማማ፣ አይዞዎት። በገንዘብ በኩል ጠንክሩ። ገንዘብ አይስጡት፣ ወርቅዎን ጎረቤት ያስቀምጡ፣ ሌሎቹን ልጆች ይጠብቁ። ይህ ጭካኔ አይደለም። ቢመታዎት ወይም ቢያስፈራራዎት ደግሞ ራስዎን ያድኑ፣ ዘመድ ይጥሩ። እንዲያ ካልሆነ ግን ምሳ ሰዓት እየመጣ ይብላ። ሌሊት የት እንደሚያድር ይወቁ። ስልክዎን ቢደውል ያንሱለት። ውጭ ያለ ልጅ ሲወድቅ የሚያየው የለም፤ ለዚህ ነው ቶሎ አስወጪው የማልለው። ደግሞ እርስዎ ለብቻዎ አይሸከሙት። እንደርስዎ ያሉ እናቶች ዛሬ እዚህ ብዙ አሉ፤ ስትወጡ ተነጋገሩ፣ ስልክ ተለዋወጡ።

(ከኋላ አንድ የመኪና ረዳት፦ «አብሮኝ የሚያድር ልጅ አለ። ሁልጊዜ በሩን ቆልፎ ነው የሚወስደው። እንደማውቅ አያውቅም። ምን ብዬ ልጀምር?»)

ስለ ሱሱ አትጀምር። ስለ በሩ ጀምር። «የምታደርገውን አውቃለሁ፣ ለማንም አልናገርም፣ በሩን ብቻ አትቆልፍ» በለው። ከመጠጥ ጋር እንዳይደባልቅ ንገረው። አንድ ሰሞን አቋርጦ ከነበረ በጣም ጥቂት ብቻ እንዲወስድ ንገረው። ከዚያ አሁን እዚህ ያሳየሁህን አስታውስ፤ ስሙን ትጠራለህ፣ ደረቱን ታሻለህ፣ 907 ትደውላለህ፣ ትተነፍስለታለህ። ሊቆጣህ ይችላል፤ አትመልስለት። «ልተወው ነው» ያለህ ቀን ግን ነገ አትበል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ መኪናውን አቁማችሁ ይዘኸው ና፤ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ፋርማሲው ክፍት ነው።